አስካለ ድሪዋን የሸጠች ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ከዓለም ባንክ ወደ ኮልፌ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ሴት ከጎኔ ተቀመጠች። ዕድሜዋ ሠላሳ ቢሞላ ነው። ጭኗ ላይ በመሐረብ የተቋጠረ ነገር ይዛለች፤ ታክሲው በተንገጫገጨ ቁጥር ቋጠሮውን ደረቷ ላይ ትለጥፈዋለች። ጥቂት እንደሄድን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የብር ጌጥ የሚገዙ ሰዎች የት እንዳሉ ያውቃሉ?» አለችኝ። «የራስሽ ነው?» አልኳት። «የእናቴ ነው» አለች። ልነግራት የፈለግሁት ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝ። «ብቻሽን አትሂጂ፤ መጀመሪያ የጠሩልሽን ዋጋ አትቀበዪ፤ ደግሞ ስሚ...» እያልኩ ሳለ «ወራጅ አለ!» ብላ ተነሣች። «እግዜር ይስጥልኝ እማማ» አለችና ከሰው ጋር ተቀላቀለች። ረዳቱ በሩን ዘጋው፤ ታክሲው ከፌርማታው ተነሣ። በመስኮቱ ዞሬ ባይ ባይ የለችም። ሃምሳ ዓመት ሆድ ውስጥ የተቀመጠ ነገር በሁለት ፌርማታ መካከል ተነግሮ ያልቃል እንዴ? ቤቴ እስክገባ ስናደድ ዋልኩ፤ ቤቴ ገብቼም አልለቀቀኝም።

የተናደድኩት በልጅቷ አይደለም። እህቴ አስካለ ትዝ ብላኝ ነው።

ያን ጊዜ ኮልፌ እንዲህ አልነበረም። ዛሬ ዓለም ባንክ የሚባለው ሰፈር ስሙም አልነበረ፤ ጤፍና ሽንብራ የሚዘራበት ሜዳ ነው። የከተማው ቆሻሻ መጣያ ቆሼም ገና ጉብታ እንጂ ተራራ አልሆነም፤ ነፋሱ ወደኛ ካልዞረ በቀር መኖሩን ማንም አያስታውሰውም። ዋናው መንገድ አንድ ለእናቱ አስፋልት ሲሆን ከዳርና ከዳሩ ጋሪ ይርመሰመሳል። ጋሪ በዐሥር ሳንቲም፣ ሰይቼንቶ ታክሲ በስሙኒ። እኔና ባለቤቴ ግርማ ተጋብተን ዓመት ሳይሞላን በወር ሰባት ብር ከአንዲት ባልቴት ግቢ አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር። ግርማ ጋራዥ ውስጥ ብየዳ ይሠራል፤ ሥራ ሲውል ቱታው ላይ የእሳት ብናኝ የበሳው ቀዳዳ አይጠፋም፣ እሑድ እሑድ ግን ያችን ግራጫ ተርጋል ሱሪውን በካውያ ተኩሶ፣ ጫማውን ቀብቶ ሲወጣ የባንክ ሠራተኛ ነው የሚመስለው። ማታ ትምህርት የሚሄዱት ልጃገረዶች ጉርድ ቀሚሳቸውን ከጉልበት በላይ ማሳጠር የጀመሩበት ጊዜ ነበር። ባልቴቷ አከራያችን በር ላይ ተቀምጠው፣ «ጨርቁ አለቀባቸው እንዴ?» እያሉ ያማትባሉ። ከማዶው ሻይ ቤት ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ይዘፍናል፤ ጡሩምባና ሳክስፎን የበዛበት፣ ፍቅረኛው የከዳችው ወንድ የሚያለቅስበት ዘፈን። እኔም ዕቃ ሳጥብ አብሬው አለቅሳለሁ፤ ምንም ሳይጎድለኝ። ምስኪን! የሚያስለቅሰው ገና በመንገድ ላይ ነበር።

አስካለ የመጣችው በመስከረም መግቢያ ነው። ከሰል በጫነ መኪና ላይ ከወሊሶ ስትመጣ ፊቷ ጥላሸት ለብሶ፣ የዓይኗ ነጭ ብቻ ነው የሚታየው። በስድስት ዓመት ታላቄ ናት። አባታችን በሕይወት ሳለ ከጅማ ቡና እያመጣ ይነግድ ስለነበር፣ እሷን ሲድር ዓቅሙ ደህና ነበር፤ ወሊሶ አካባቢ መሬት ላለው ሰው ዳራት። እኔ ስዳር እሱም ንግዱም አልነበሩም። ፊቷን አስታጥቤ ስታበቃ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «ዘነቡ፣ ሌላ ሴት አምጥቶ፣ አንቺ ጓዳ ሁኚ እሷ ሳሎን ትሁን አለኝ። እኔ ወደዚያ ቤት አልመለስም።» ከዚያ ቀሚሷን ገልጣ ከወገቧ ጋር ያሰረችውን ቋጠሮ ፈታች። አባታችን በሠርጓ ዕለት ያደረገላት የብር ድሪና የብር አልቦ ነበሩ። አልቦው የእግር ነው፤ ሁለት ጥምዝ ያለ፣ ስትራመድ ሹክሹክ የሚል። ድሪው ግን! የተጠላለፈ ሰንሰለት ሆኖ መካከሉ ላይ የተፈለፈለ ክብ ጌጥ አለው፤ ከክቡ ዙሪያ የስንዴ ፍሬ የሚያካክሉ ጥቃቅን ብሮች ይንጠለጠላሉ። ልጅ ሆኜ በሠርጓ ዕለት በጣቴ ስነካቸው ያወጡት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ያሰበችውን ነገረችን። በሰፈራችን አንድ ልብስ ሰፊ ወደ ጅማ ሊሄድ ስለሆነ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪናውን በመቶ ሠላሳ ብር ይሸጣል መባሉን ከእኔ ሰምታ አደረች። ልጅ ሳለች ጅማ ውስጥ ከአንዲት ሰፊ ሴት ዘንድ ሁለት ክረምት ተምራለች፤ እጇ ያውቃል። ዶሮና ቅቤ እየሸጠች ያጠራቀመቻት ሠላሳ አምስት ብርም አለቻት። «ድሪውንና አልቦውን ሸጬ መኪናውን እገዛለሁ። ከመስቀል በኋላ የባሌ ዘመዶች ሽማግሌ ይልካሉ፤ ጌጡ የእኛ ነው እያሉ ከአሁኑ ያስወራሉ። ጌጥ ይዤ ካገኙኝ ሊቀሙኝ ነው፤ መኪና ይዤ ካገኙኝ ግን ምን ይሉኛል?» አለች። ግርማ ራሱን ነቀነቀና፣ «እትዬ አስካለ፣ እስከፈለጉ እዚህ ይቀመጡ፣ ቤትዎ ነው» አላት። በኋላ ወደ ውጭ ጠርቶኝ ደግሞ፣ «እነዚያ ሽማግሌዎች ሲመጡ እኔ ምን ልላቸው ነው? የሰው ሚስት ደበቀ ሊሉኝ እኮ ነው!» አለኝ። ሁለቱም እውነቱ ነበር። ደግ ሰው ነው፤ ግን ፈሪ ነው።

በኮልፌ መንገድ ላይ ያን ጊዜ ብር የሚገዙና የሚሸጡ አራት ሱቆች ነበሩ። ከሁሉም ስሙ የሚጠራው ጋሽ ሳህሉ ነው። ሱቁ ጠባብ፣ መስታወቷ የጠራች፣ ውስጧ መስቀል፣ ጉትቻ፣ አምባር በቀይ ከፋይ ላይ የተደረደረባት ናት። እሱ ራሱ ወፈር ያለ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሁልጊዜ ቡናማ ሹራብ የሚለብስ ሰው ነበር። ሲያናግሩት ያዛጋል። ሰው ያለ የሌለ ንብረቱን ይዞ ፊቱ ቆሞ እሱ ያዛጋል! ይህ ማዛጋት ራሱ ሥራ መሆኑን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ድሪውን ከመሐረቡ ስታወጣለት እንኳን ሊደነቅ፣ እንደ ሽንኩርት አንሥቶ ሚዛኑ ላይ ጣለው። በሌላው ወገን ጠገራ ብር እየደረበ መዘነ። አሮጌው ጠገራ ያን ጊዜ መገበያያ መሆኑ ቀርቶ የብር መመዘኛ ሆኖ ነበር። ዐሥራ አራት ጠገራ መዘነ።

«ዐሥራ አራት» አለች አስካለ ቀድማ።

«ዐሥራ አራት ነው ልጄ። ግን ማያያዣው ላይ ብየዳው መዳብ አለበት፤ አንድ ቀንሺ። ሲቀልጥ ደግሞ የሚጎድል አለ፤ አንድ ቀንሺ። ዐሥራ ሁለት። በሦስት ብር ሠላሳ ስድስት።»

«ሊያቀልጡት ነው?»

«ታዲያ አሮጌ ብር ምን ይደረጋል?»

«ይህን የሠራው አንጥረኛ እኮ አንድ ወር ሙሉ ነው የተቀመጠበት። አባቴ ብሩን ለብቻ፣ የእጁን ለብቻ ነው የከፈለው።»

ጋሽ ሳህሉ አዛጋ። «አባትሽ ከፍሎታል፤ ስለዚህ አንጥረኛው ዕዳ የለበትም። እኔ የምገዛው ብሩን ነው።» ከዚያ እኛ እምቢ ስንል ቅር አላለውም። ድሪውን ራሱ በመሐረቡ አጣጥፎ፣ ራሱ ቋጥሮ፣ «ዞር ዞር ብላችሁ ጠይቁ፤ ካልሆነ ቤታችሁ ነው» ብሎ በሁለት እጁ ለአስካለ ሰጣት። ጨዋ ሰው ነው ብዬ አሰብኩ። ከሱቁ ስወጣ እንደዚያ ነው ያሰብኩት።

ቀጥሎ ያለው ሱቅ ሠላሳ አምስት አለን። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ሠላሳ አራት። አራተኛው ሠላሳ ሦስት ብሎ፣ «እሱንም ለእናንተ ብዬ ነው» አለን። ዋጋ እንደ ቁልቁለት ውኃ እየወረደ ሄደ። በማግስቱ መርካቶ ድረስ በእግራችን ሄድን፤ የአውቶቡሱን ዐሥራ አምስት ሳንቲም ለመቆጠብ። እዚያም ስናወጣው ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ ሦስት። ፀሐዩ አናታችንን ሲበሳው፣ አንድ የሸራ ጫማ ሻጭ አጠገብ ቆመን አስካለ መሐረቡን ትኩር ብላ ታየው ጀመር። «ዘነቡ፣ አላየሽም? ሁሉም መጀመሪያ የሚያዩት ብሩን አይደለም። ቋጠሮውን ነው።» እውነትም ጋሽ ሳህሉ የቋጠረው አቋጣጠር ሌላ ነበር፤ ሁለቱን ጫፍ ወደ ውስጥ ቀብሮ፣ አንዱን ጆሮ ወደ ላይ ያስቀረ። እኛም ተጠንቅቀን እንደ እሱ እየመለስን ስንቋጥረው ነበር የዋልነው! ቋጠሮውን ያየ ነጋዴ ሁሉ፣ ይህ ዕቃ ቀድሞ ታይቷል፣ ዋጋው ተጠርቷል፣ ሴቶቹም ቸግሯቸዋል ብሎ ያውቃል። በደግነት የቋጠረልን መስሎኝ ያመሰገንኩት ነገር! «እናቴ ትሙት፣ ሄጄ ፊቱ ላይ ነው የምወረውርለት» አልኩ። አስካለ ግን፣ «ምን ይጠቅመናል? መኪናውን ሌላ ሰው ሊገዛው ነው» አለች። መንገድ ላይ ተጣላን። «አትሽጪው!» አልኳት። «አንቺ ምን አለብሽ፣ ባልሽ ሳሎን ነው ያስቀመጠሽ» አለችኝ። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ምን ሳሎን አለ? ሳቅ ሊያመልጠኝ ሲል እንባ ቀደመኝ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ጋሽ ሳህሉ ተመለስን። ሳያዛጋ፣ ሠላሳ ሦስት አለ።

«ሠላሳ ስድስት ብለው አልነበረም እንዴ?» አልኩት እኔ።

«ያ የዚያን ቀን ነው። ብር ወርዷል።»

ከሰኞ እስከ ረቡዕ ብር የወረደበትን ጉድጓድ ማን ባሳየኝ! አስካለ ድሪውን አስቀመጠችለት፤ ገንዘቡን ተቀብላ ወጣች። አልቦውንም ያን ዕለት አሳየችው፤ ዐሥራ ስምንት ብር አላት። «እሱን አልሸጥም» ብላ መልሳ ያዘችው። ግን አልቦው ካልተሸጠ መኪናው እንደማይገዛ፣ ቢሸጥም ገና ብዙ እንደሚጎድል እሷም እኔም እናውቅ ነበር። ልብስ ሰፊውም እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ብቻ ነው የምጠብቃችሁ ብሎናል። ግርማ ከደመወዙ ሊያስቀድም ጋራዡን ጠይቆ እምቢ ብለውታል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት አልቦውን በጋዜጣ ጠቅልለን ወደዚያው ሱቅ ሄድን። በመሐረብ አልነበረም፤ ያን ያህል ተምረናል።

ከሱቁ በር ላይ ግራጫ ቮልስዋገን ቆሟል። ከወዲያ ማዶ ካለው ሆስፒታል የሚሠሩ ፈረንጆች ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያ ሲያልፉ አንዳንዴ ይቆማሉ። ውስጥ አንዲት ረዘም ያለች፣ አንገቷን ፀሐይ ያቀላው ነርስ ቆማለች። የአገራችንን ቋንቋ ትሞክራለች፤ ቃሉን አንድ በአንድ፣ እንደ ጠጠር እየለቀመች። ጠረጴዛው ላይ በቀይ ከፋይ የተነጠፈው የአስካለ ድሪ ነው። አልቀለጠም። ሊቀልጥም አልነበረም። ለማቅለጫ የተቀነሰብን የአንድ ጠገራ ዋጋ የት ገባ ብዬ ልጠይቅ አፌን ስከፍት አስካለ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

«ይህ የደጃዝማች ልጅ የሠርግ ጌጥ ነው» ይላታል ጋሽ ሳህሉ፤ ያ ዝግ ያለ ድምፁ ማር ሆኗል። «ጥንታዊ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ አሁን የለም። አንጥረኛው አንድ ወር ሙሉ ነው የተቀመጠበት።» አፉ ያወጣውን ቃል አስካለ ናት የነገረችው! ፈረንጇ ድሪውን አንሥታ አየችው፤ ከዚያ በእጇ ወደ አንገቷ እያሳየች፣ «አንገት... እንዴት?» አለች። ጋሽ ሳህሉ ዙሪያውን አየ፤ ዓይኑ አስካለ ላይ አረፈ። የአስካለ አንገት ረጅም ነበር፤ ማንም ያየው የሚያስታውሰው። ምንም ሳያፍር፣ «ልጄ፣ እስቲ አንድ ጊዜ አድርጊላት፣ ትየው» አለ።

እኔ የምትጮህ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ለእኔ ሰጠችኝና ድሪውን ተቀብላ፣ ሳትቸገር፣ ሳታይ፣ ማያያዣውን ከኋላዋ ቆለፈችው። ያ ማያያዣ አስቸጋሪ ነበር፤ ባለቤቱ ካልሆነ በቀር እንዲህ በአንድ ጊዜ አይገባም። እነዚያ የስንዴ ፍሬዎች ድምፃቸውን አሰሙ። ፈረንጇ እጇን አጨበጨበች። «ቆንጆ! ቆንጆ! ስንት?»

«መቶ ሰማንያ።»

«ኧረ! ብዙ ነው!»

ተከራከሩ፤ መቶ ሃምሳ ላይ ተስማሙ። መቶ ሃምሳ! ከኛ በሠላሳ ሦስት የገዛው ረቡዕ ነው፤ ዛሬ ቅዳሜ ነው። ጋሽ ሳህሉ ገንዘቡን ሊቀበል እየተዘጋጀ፣ «በይ ልጄ፣ ፍቺው» አላት። አስካለ እዚያች ደንበኛ የሚቀመጥባት በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። ፈገግ ብላ፣ ድምፅዋን እንደ እሱ ዝግ አድርጋ፣ «ጋሽ ሳህሉ፣ አልቦውን ዛሬ ስንት ይገዙኛል?» አለችው።

«እንግዳዬን ልሸኝና እንነጋገራለን።»

«አይሆንም፤ አሁን እንነጋገር።»

«ዐሥራ ስምንት ብዬሻለሁ እኮ።»

«እሱ የዚያን ቀን ነው። ብር ወጥቷል።»

ፈረንጇ ከአንዱ ወደ ሌላው ታያለች። «ችግር አለ?»

«ምንም ችግር የለም፣ ምንም!» አለ ጋሽ ሳህሉ፤ ፊቱ ይስቃል፣ ግንባሩ ግን ላብ አውጥቷል። ከዚያ ወደ አስካለ ጎንበስ ብሎ፣ «ልጄ፣ ይህ ነውር ነው። የሸጥሽው ዕቃ ነው፤ የኔ ንብረት ነው» አለ።

«የእርስዎ ነው፤ መች ካድኩ? አሁን ፈትቼ እሰጥዎታለሁ። ግን ከመፍታቴ በፊት የደጃዝማቹ ልጅ እኔ መሆኔን ልንገራት ወይ? ትንሽ ትንሽ ትሰማ የለ።»

ጋሽ ሳህሉ መሳቢያውን ሳበ። «ሠላሳ።» አስካለ ከበርጩማው አልተነሣችም። «አርባ። ኧረ በእግዚአብሔር!» አስካለ የድሪውን ፍሬዎች በጣቷ ታንቀረቅባለች። በመጨረሻ ስድሳ ብር ቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ገንዘቡን ለእኔ አቀብላኝ፣ ጋዜጣውን ፈትታ አልቦውን አኖረችለት። ከዚያ ድሪውን ከአንገቷ ፈታች፤ ለእሱ ግን አልሰጠችውም። ወደ ፈረንጇ ሄዳ፣ ፀጉሯን ወደ ጎን አድርጋ፣ ራሷ አንገቷ ላይ አደረገችላት። ማያያዣው እንዴት እንደሚገባም እጇን ይዛ አሳየቻት። «አባቴ ነው የሰጠኝ» አለቻት ቀስ ብላ። ፈረንጇ የገባት አይመስለኝም፤ «እሺ፣ እሺ፣ አመሰግናለሁ» እያለች በደስታ ትስቃለች።

ፈረንጇ ከፍላ በመኪናዋ ከሄደች በኋላ እኔ አላስቻለኝም። ወደ ውስጥ ተመለስኩና፣ «እርስዎ ሰው አይደሉም! ከድሃ በሠላሳ ሦስት ገዝተው በመቶ ሃምሳ!» አልኩት። እንዲያፍር ነበር የፈለግሁት። ቢያፍር ኖሮ ዛሬ ድረስ ይህን ያህል ባልተቃጠልኩ። እሱ ግን ተረጋግቶ ሹራቡን አስተካከለ። «አንቺ ልጅ፣ ተቀመጪ። ከፈረንጅ የማገኘው በወር አንድ ጊዜ ነው፣ ከመጣ። ሌላው ሁሉ እዚህ ሳጥን ውስጥ ዓመት ይቀመጣል። ከዐሥር ዘጠኙን በመጨረሻ አቀልጠዋለሁ፤ አንጥረኛ እከፍልበታለሁ፤ ቀልጦ መዳብ የሚሆን አለ። የሱቅ ኪራይ አለ፣ ግብር አለ። አንዱ ነው ዘጠኙን የሚሸከመው። የትኛው እንደሆነ ስገዛ ካወቅሁ ደግሞ ለባለቤቱ አልነግርም። ብነግር ከነገ ጀምሮ ምን እበላለሁ?» አለኝ። ውሸቱን አይደለም፤ ነጋዴ ካላተረፈ ነጋዴ አይደለም። ግን የዚያ ዘጠኝ አሮጌ ጌጥ ኪሳራ ለምን በአስካለ አንገት ላይ ተጫነ? አስካለ ከበሩ፣ «ዘነቡ፣ ነይ፣ ልብስ ሰፊው ሊሄድብን ነው» ብላ ጠራችኝ። ከጀርባችን ጋሽ ሳህሉ፣ «እህትሽ ንግድ ብትገባ ያዋጣታል» ሲል ሰማሁት። ምርቃት ይሁን ስድብ አልገባኝም።

የጎደለችውን ሁለት ብር ግርማ ከባልደረባው ተበድሮ ሞላ። የስፌት መኪናዋን ሁለት ተሸካሚ ይዟት መጣ፤ ከአልጋችንና ከግድግዳው መካከል አስገባናት፤ ከዚያ በኋላ ግርማ ወደ አልጋው ለመድረስ በጎኑ እየተንሸራተተ ነው የሚያልፈው።

ሽማግሌዎቹ ከመስቀል በኋላ ሦስት ሆነው መጡ፤ ነጭ ጋቢ፣ ረጅም ከዘራ። ግርማ ቆሞ አስተናገዳቸው፤ ገና ሳይጠጡ የጠላውን ብርጭቆ ደጋግሞ ይሞላል። ስለ ባልና ሚስት፣ ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ዕድሜ ብዙ ተናገሩ። አስካለ አንገቷን ደፍታ ሰማች። በመጨረሻ ትልቁ፣ «መቼም አትመለስም ካለች፣ ከቤቱ ይዛ የወጣችውን ጌጥ ትመልስ» አሉ። አስካለ ተነሥታ መኪናዋን የሸፈነችበትን አቡጀዲ ገለጠች። «ጌጡ የአባቴ ነበር፤ አሁን ይኸውላችሁ። አንሥቼ አንገቱ ላይ ላስርለት አልችልም፤ እናንተ ከቻላችሁ ውሰዱለት» አለች። አንዱ ሽማግሌ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። ትልቁ ግን አልሳቁም። «ልጄ፣ ጌጥ ሸጦ ብረት መግዛት ምን ዓይነት ጊዜ ነው?» አሉና ተነሡ። አልተመለሱም። ግርማ ያን ቀን ማታ የቀረውን ጠላ ብቻውን ጨረሰው፤ ከደስታው ይሁን ከፍርሃቱ።

አስካለ በዚያች መኪና ሠላሳ ምናምን ዓመት ሰፋች። በመጀመሪያ ያጠረ ጉርድ ቀሚስ እያሳጠረች፣ ኋላ ጊዜው ሲለወጥ ካኪ እየሰፋች፣ ከዚያ ደግሞ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም። ሌላ ባል አገባች፣ ሴት ልጅ ወለደች፣ ባሏን ቀበረች። ጋሽ ሳህሉ አብዮቱ በፈነዳ በሁለተኛው ዓመት ሱቁን ዘግቶ ወደ አገሩ ሄደ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬውን አልሰማንም። የኮልፌ ሴቶች ጌጥ መሸጥ ሲፈልጉ ግን ቀድመው ወደ አስካለ ቤት ይመጡ ነበር። አብራቸው ትሄዳለች፤ ነጋዴው ሲያዛጋ እሷም ታዛጋለች። አንዳንዴ ጥቂት ትጨምርላቸዋለች፤ ብዙ ጊዜ ግን ያው ነው፤ ቸግሯት የምትሸጥ ሴት የቱንም ያህል ብታዛጋ ዓይኗ ይናገራል። ወደ ቤት ስትመለስ ፊቷን አይቼ አውቅ ነበር። እኔ እነድዳለሁ፤ እሷ ክር ታስገባለች።

ልጇ ስታገባ ዘመኑ የድሮ ጌጥ ተመልሶ የተወደደበት ነበር። ሙሽሮች ሁሉ ድሪ፣ አልቦ፣ የብር መስቀል ማድረግ ይፈልጋሉ፤ የሌላቸው ይከራያሉ። ልጅቷም፣ «እማዬ፣ ሁሉም ሰው አድርጓል» ብላ ለመነች። ፒያሳ አካባቢ ካለ ሱቅ ለአንድ ቀን አንድ ድሪ ተከራየን፤ ጋሽ ሳህሉ ለአስካለ የከፈላትን ዐሥር እጥፍ ለአንድ ቀን! ለመጮህ ስዘጋጅ አስካለ እንደ ልማዷ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ድሪው የእሷ አልነበረም፤ ሥራውም ሌላ ነው፤ ጥቁር ብሎ፣ ፍሬዎቹ ውስጥ እድፍ ገብቶበት ነበር። በሠርጉ ዕለት ጠዋት ለልጇ ከማድረጓ በፊት ገልብጣ ጀርባውን አየችው። አንዲት ትንሽ ፊደል በመርፌ ተጭራበታለች፤ የአንዲት ሴት ስም መጀመሪያ ይመስላል። በማግስቱ ልንመልሰው ቤቷ ስሄድ ግን ልጅቷ ቤት የለችም፣ እንግዳ ሄዷል፣ አስካለ ቁጭ ብላ ያንን ድሪ በአመድና በሎሚ ፍሬ በፍሬ አጥባ ነጭ አድርጋዋለች። «የሰው ዕቃ እንዲህ አድፎ አይመለስም» አለችኝ።

ሱቁ ውስጥ የነበረችው ወጣት ልጅ ድሪውን አውጥታ ስታይ ደነገጠች። «ውይ እማማ! ምን አደረጉት? ጥቁረቱ እኮ ነው ዋጋው! አሮጌነቱን ሰዎች በዚያ ነው የሚያውቁት። አሁን አዲስ መሰለ። ቅጣት አለበት፤ ይቅርታ፣ የቤቱ ደንብ ነው።» የጠራችውን ዋጋ አልናገረውም። እኔ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን ንዴቴን በሙሉ እዚያች ልጅ ላይ ላወርደው አፌን ከፈትኩ። አስካለ ቀደመችኝ። ከቦርሳዋ ገንዘቡን አውጥታ ሳትከራከር ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ለሴትየዋ ስጪልኝ» አለቻት።

«ለየትኛዋ ሴትዮ?»

«ይህን ለሸጠችላችሁ።»

ልጅቷ አንድ ጊዜ አስካለን አንድ ጊዜ እኔን አየች። ከዚያ ገንዘቡን ቆጥራ መሳቢያው ውስጥ ከተተችው።